ከዜሮ በታች 615 አልማዝ፦ ከቴሌግራም ሻጭ የጨዋታ አልማዝ የምትገዙ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። በስልካችሁ የምግብ ማብሰል ጨዋታ የምትጫወቱ፣ ይልቁንም በቴሌግራም ቻናል አልማዝ (በጨዋታው ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚወጣውን) ከሚሸጡት ለመግዛት ብር አዘጋጅታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትልኩ። ያታለለኝን ሻጭ ስም እዚህ አልጽፍም፤ የቻናሉንም አልጽፍም። ብጽፈው ዛሬ ማታ ዘግቶ ነገ ጠዋት በሌላ ስም ይከፍተዋል፤ እናንተም የድሮውን ስም እየሸሻችሁ አዲሱን ታምናላችሁ።

ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መገለጫው ላይ የአንበሳ ወይም የዘውድ ምስል፣ ከሥሩ «ታማኝነት መለያችን ነው» የሚል ጽሑፍ፣ ወረድ ሲባል ደግሞ የደንበኞች ምስክርነት እየተባለ የሚለጠፍ የምልልስ ምስል ክምር። ምስክሮቹ ሁሉ «እናመሰግናለን ወንድማችን» ይላሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ይሠራሉ። ሰላም ካላችሁት ወዲያው ይመልሳል። «እህቴ» ማለት ያበዛል። የዋጋ ዝርዝር ይልካል፣ ብሩ የሚላክበትን ስልክ ቁጥር ይሰጣል፣ ገንዘቡ ሲገባለት የጨዋታውን መለያና የይለፍ ቃል ይቀበላል፣ ገብቶ ይሞላል፣ «ተፈጽሟል፤ ለጓደኞችሽም ንገሪልን» ይላል። እስከዚህ ያለው የተለመደ ነው። ከእናንተ መካከል በዚሁ መንገድ ገዝቶ እስከ ዛሬ ምንም ያልደረሰበት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሰውየው እንጀራውን የሚበላውም በእነዚያ ሰዎች ምስክርነት ነው።

«ለምን ከመደብሩ በቀጥታ አልገዛሽም?» የሚል አይጠፋም። በምን ካርድ? ደመወዜ የሚገባበት ባንክ የሰጠኝ ካርድ ከሰፈሬ ሱፐርማርኬት አልፎ የስልክ ጨዋታ የሚሸጥበት መደብር፣ ጎግል ፕሌይ፣ አይደርስም። የስጦታ ካርድም አገር ይመርጣል፤ አሜሪካ የተሸጠ የጎግል ፕሌይ ካርድ የሚያገለግለው መለያው በአሜሪካ ለተመዘገበ ሰው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ገዝታ ብትልክልኝ እንኳ ኮዱን ሳስገባ አይቀበለኝም። በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ያኔ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ መሀል ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው እንደሚያስፈልገን በሚገባ ያውቃል።

ስለ ጨዋታው ራሱ ጥቂት ልበል፤ ሻጩን የፈጠረው እርሱ ነውና። ሥራው ቀላል ይመስላል። ደንበኞች ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ከራሳቸው በላይ ያዘዙት ምግብና እየቀነሰ የሚሄድ የትዕግሥት መስመር ይታያል። ሥጋውን መጥበሻ ላይ ትጥላላችሁ፣ ዳቦውን ትቆርጣላችሁ፣ መጠጡ እስኪሞላ ድረስ ሥጋው እንዳያርር በዓይናችሁ ትጠብቃላችሁ። ካረረ ይጣላል፤ የሚጣለውም ከገቢያችሁ ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ደንበኛው ከመድረሱ በፊት ሥጋውን ይጥዳል፣ ተመሳሳይ ትእዛዞችን አጠራቅሞ በአንድ ትንፋሽ ያቀርባል፣ ለዚያም ጭማሪ ይከፈለዋል። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ የእውነት ሰው ተሰልፎብኝ ውዬ፣ ማታ ለመዝናናት ብዬ ሌላ ሰልፍ ማስተናገዴ እህቴን ያስቃታል። ትሳቅ። በዚህኛው ሰልፍ ውስጥ «ባለፈው ሳምንት ዋጋው ይህ አልነበረም» ብሎ የሚጮህብኝ የለም።

ድሮ ይህን ዓይነት ጨዋታ የምናውቀው በኮምፒውተር ነበር። ዳይነር ዳሽን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ የቢሮ ሥራዋን ጥላ ምግብ ቤት የከፈተችው ፍሎ ሳህን ተሸክማ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትሮጥ። የዚያ ዘመን ውል ግልጽ ነበር። ሰው ጨዋታውን ያወርዳል፣ አንድ ሰዓት በነጻ ይሞክራል፣ ከወደደው 20 ዶላር ገደማ ይከፍላል፣ አለቀ። (እኛማ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተገልብጦ የተጫነውን ነበር የምንጫወተው፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።) ዛሬ ጨዋታው በነጻ ይወርድና በውስጡ ያለው ጊዜ ይሸጣል። ምድጃው እስኪታደስ መጠበቅ፣ ጉልበት እስኪሞላ መጠበቅ፣ አዲሱ ምግብ ቤት እስኪከፈት መጠበቅ፤ መጠበቅ የማይፈልግ አልማዝ ያወጣል።

በተጫዋቾች መካከል ያለው ክርክር የቆየ ነው። ግማሹ «ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ያለ አልማዝ አይታለፍም» ይላል፤ ግማሹ «ትዕግሥት ስለሌላችሁ ነው እንጂ ይታለፋል» ይላል። እኔ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ። ሁለት መጥበሻ ባለው ምድጃ አንድ ሥጋ ለመብሰል ስምንት ሰከንድ ይፈጃል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዚያ ምድጃ ከ30 ሥጋ በላይ አይወጣም። እኔ የቆምኩበት ደረጃ የሚጠይቀው ገቢ ደግሞ 36 የሸጠ ሰው የሚያገኘውን ነው። እጅ ቢፈጥን ምድጃው አይፈጥንም። ሦስተኛው መጥበሻ በአልማዝ ብቻ ይገዛል፤ አልማዙም በነጻ የሚገኘው በቀን ሁለት፣ ማስታወቂያ ለተመለከተ ሦስት ነው። ስለዚህ ትዕግሥተኞቹም አልዋሹም፤ ወራት መጠበቅን ትዕግሥት ካልነው ይታለፋል። እኔ ጨዋታውን በደንብ የተሠራ ስግብግብ ጨዋታ እለዋለሁ። በመደብሩ ላይ ያለውን የአምስት ኮከብ ጎርፍ ስታዩም አንድ ነገር አስቡ፤ «ወደዱን? ኮከብ ይስጡን» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሁልጊዜ ደረጃ ባለፋችሁ ቅጽበት ነው። ሥጋ ባረረበት ሰዓት አስተያየታችሁን የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ለዚያ ሦስተኛ መጥበሻ ስል 1,000 አልማዝ በ2,400 ብር ገዛሁ። ከመደብሩ ዋጋ ይረክሳል። «እንዴት ነው የሚረክሰው?» ብዬ ጠይቄው ነበር፤ «በብዛት ስለምንገዛ ነው እህቴ» አለኝ። በዚያው ምሽት ሞላልኝ። ከዚያ በፊት ማስታወቂያ እያየሁ ያጠራቀምኳቸው 85 አልማዞች ነበሩኝና ሒሳቤ 1,085 ሆነ። መጥበሻውን ገዛሁ፣ ምድጃውን አሳደግሁ፣ ምግብ ሳይቀዘቅዝ የሚያቆየውን መደርደሪያ ጨመርኩ። 700 አወጣሁ፤ 385 ቀረኝ። ያን ደረጃም አለፍኩት፤ ደስታዬን አልደብቅም።

ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ሲደርስባችሁ እንድትለዩት። ከእራት በኋላ ጨዋታውን ከፈትኩ። ያ ወፍራም ሼፍ እንደ ልማዱ ጭልፋውን እያወዛወዘ ተቀበለኝ፤ ሙዚቃውም ያው ሙዚቃ ነው። ከላይ በስተቀኝ የአልማዙ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ቀልቶ አየሁት። 615 ይላል። 385 ትቼ ወጥቼ 615 ሳገኝ መጀመሪያ የመጣልኝ «ስጦታ ሰጡኝ መሰለኝ» የሚል ሐሳብ ነው። እህቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ከቁጥሩ በፊት ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ያየቻት እርሷ ናት። «ይህቺ የመቀነስ ምልክት አይደለችም?» አለችኝ።

ወዲያው አንዲት መስኮት ተከፈተች። የአንድ ግዢዎ ክፍያ ለከፋዩ ስለተመለሰ አልማዙ ከመለያዎ ተቀንሷል፤ ሒሳብዎ እስኪስተካከል ድረስ ውድድሮችና አዳዲስ ምግብ ቤቶች ተዘግተዋል ትላለች። ከሥሯ ሁለት አዝራር አለ፤ አንዱ «እሺ»፣ ሌላው «ወደ ሱቅ»። «አልገዛሁም»፣ «አላስመለስኩም»፣ «አቤት የምለው ነገር አለኝ» የሚል አዝራር የለም። 385 ሲቀነስ 1,000፤ ከዜሮ በታች 615። በሦስት በሦስት ማስታወቂያ እያየሁ የለቀምኳቸው 85ቱም አብረው ተጠርገዋል። መጥበሻው ቆሟል፣ ምድጃው ቆሟል፣ መጫወትም እችላለሁ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ የማገኘው አልማዝ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይገባል። ማለትም እኔ ማታ ማታ ሥጋ እየጠበስኩ የሰውየውን ዕዳ እከፍላለሁ።

ሰውየውን በጨዋነት ነው ያናገርኩት። «ወንድሜ፣ የሞላህልኝ አልማዝ ተመልሶ ተቀንሷል፤ ምን ተፈጠረ?» አልኩት። መልእክቱን እንዳነበበው ሁለቱ ምልክቶች ያሳያሉ። ቆይቶ በድምፅ መለሰልኝ፦ «እህት፣ እኔ ሞልቻለሁ፤ የሞላሁበት ምስል አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የካምፓኒው ጣጣ ነው።» ክፍያ ማስመለስ የሚችለው የከፈለው ሰው ብቻ እንደሆነ፣ የከፈለውም እርሱ እንደሆነ ጻፍኩለት። ሁለተኛው ድምፅ ይኸውና፤ ቃል በቃል ነው፦ «ለሥጋ ጥብስ ጨዋታ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የምትሆኚው? ሥራ የለሽም?» ከጀርባው ሰዎች ይስቃሉ። ብቻውን አይደለም፤ ቢሮ አላቸው፣ ወይም ቢያንስ አንድ ክፍል ተሰብስበው ይውላሉ፤ የእኔን መልእክትም ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል።

ሳቁ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። ከሳቁ ቀጥሎ የመጣው ጽሑፍ ነው፦ «እንዲያውም ሌላ 1,000 ግዢና ከዕዳው ውጪ። ለአንቺ ስል በ2,000 አደርገዋለሁ።» ራሱ የቆፈረልኝን ጉድጓድ እንዲሞላልኝ ራሱን በድጋሚ ልክፈለው! ያንንም ግዢ በሁለት ቀን ውስጥ አስመልሶ፣ እኔን እዚያው ዕዳ ውስጥ መልሶ ጥሎ፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ 1,800 ብር ሊለኝ ነው። መልስ ስጽፍ የመገለጫው ምስል ጠፋ፤ «ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ዘግቶኛል። ከደቂቃ በፊት ሲስቅ የሰማሁት ሰው!

አሠራሩን እስኪገባኝ ድረስ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እናንተ እንዳትደክሙ እነግራችኋለሁ። ወደ ጨዋታው የሚገባበት መለያ የእኔ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣበት የመደብር መለያ ግን የእርሱ፣ በእርሱ ስልክ ላይ ያለ ነው። በእኔ ስም ገብቶ በራሱ ካርድ ይገዛል፤ አልማዙ ወደ እኔ ይመጣል፣ ደረሰኙ ወደ እርሱ ኢሜይል ይሄዳል። ጎግል ፕሌይ ደግሞ አንድ ሰው በገዛ በ48 ሰዓት ውስጥ «ተሳስቼ ነው፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይጠይቃል፤ ዶላሩ ይመለስለታል። መደብሩም ለጨዋታው ባለቤት ግዢው እንደተሰረዘ ያሳውቃል፤ የጨዋታው ባለቤት የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። በግ በዱቤ ወስዶ እንደሸጠላችሁ ሰው ቁጠሩት፤ እናንተ በጉን አርዳችሁ ከበላችሁ በኋላ ባለ በጉ መጥቶ ደጃችሁ ላይ ይቆማል፣ ሻጩ ግን ብራችሁን ይዞ ሌላ ገበያ ሄዷል። በአንድ ካርድ ላይ ያለች 20 ዶላር በዚህ መንገድ ስንት ሰው ዘንድ ዞራ እንደምትመለስ እናንተው አስቡት። «በብዛት ስለምንገዛ ነው» ያለኝ ርካሽ ዋጋ ምስጢሩ ይህ ነው። ምንም አልሆንንም የምትሉትም ወይ ዕድላችሁ ሆኖ ለምስክርነት የሚያስፈልጉት እናንተ ናችሁ፣ ወይ ገና ተራችሁ አልደረሰም።

ለጨዋታው ድርጅትም ጻፍኩ። «ውድ ሼፍ!» ብለው ጀመሩ። ሼፍ! የግዢውን ደረሰኝ ቁጥር ላኪልን አሉኝ። ደረሰኙ በሌባው ኢሜይል ውስጥ ነው፤ እኔ ዘንድ ያለው 2,400 ብር ለአንድ ስልክ ቁጥር መላኬን የሚያሳይ አጭር መልእክት ብቻ ነው። ያንን ብልክላቸው መለያን ለሌላ ሰው ማካፈል በደንባችን የተከለከለ ነው የሚል መልስ መጣ፤ እሺ፣ እውነት ነው፣ ተከልክሏል። ግን እኮ ክፍያ እያስመለሰ በመቶ ወጥ ቤት ውስጥ የሚዞረውን የመደብር መለያ እነርሱ ያዩታል፤ እኔ አላየውም። የሚቀጡት ግን የሚያዩትን ሳይሆን የሚጽፍላቸውን ነው። መልእክታቸው «በወጥ ቤትዎ መልካም ጊዜ ይሁንልዎ» ብሎ ያበቃል፤ ከሥሩም አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑ የሚል አለ። መዘንኩት።

ብሩን የላኩበት ተቋም ጋ ስደውል ሠራተኛዋ በትሕትና ነው ያነጋገረችኝ፤ «በፈቃድዎና በራስዎ የምስጢር ቁጥር የተላከ ስለሆነ ልንመልሰው አንችልም» አለችኝ። ምን እንደገዛሁ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ለጌም ነው?» አለች፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ ውስጥ ያለችዋን ፈገግታ በስልክም ትሰማላችሁ። የሰውየው ሳቅና የእርሷ ፈገግታ አንድ አይደሉም፤ ያም ሆኖ ሰውየው የሚያተርፈው ከዚህችው ፈገግታ ነው። ማንም ለጨዋታ አልማዝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ እንደማይሄድ ያውቃል። የሄደ ቢኖር በሩ ላይ ያለው ዘብ ሳይቀር እንደሚስቅበት ያውቃል። 2,400 ብር ግን ጫማ የገዛሁበትም ቢሆን፣ ሽንኩርት የገዛሁበትም ቢሆን 2,400 ብር ነው።

ደግሞ የሚያበግነኝ ይህ ገንዘብ የማስመለስ ነገር ከየት እንደመጣ ሳስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ልጆች ወላጆቻቸው ሳይፈቅዱ በጨዋታ ውስጥ ለገዙት ነገር አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ጎግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልሱ አድርጓል። እዚያ ያለች እናት ልጇ ስልኳን ነክቶ የገዛውን አስመልሳለች። ለእንደዚያች እናት የሚጠቅመውን መንገድ እዚህ ያለው ሌባ መሰላል አድርጎታል። እኛም ሸማቹን የሚጠብቅ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 813/2006 ነው፣ ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት ያዛል። ለማን ላሳየው? ለአንበሳው ምስል?

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ። የግድ ከገዛችሁ ውጭ አገር ያለ የምታምኑት ሰው ካርዱን በራሳችሁ የመደብር መለያ ላይ አስገብቶ ይክፈልላችሁ፤ ደረሰኙ በራሳችሁ ኢሜይል ይግባ። ከእንዲህ ያለ ሻጭ ሰሞኑን የገዛችሁ የይለፍ ቃላችሁን አሁኑኑ ቀይሩ፤ አልማዙንም ለጊዜው አትንኩት፣ ቢወሰድባችሁ ቢያንስ ዕዳ ውስጥ አትገቡም። ዕዳ ውስጥ የገባችሁ ደግሞ «በቅናሽ ላውጣሽ» የሚለውን አትስሙ።

የቻናሉን ስም የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ብሩ የተላከበትን ስልክ ቁጥርም እሰጣለሁ፤ ስሙን በየሳምንቱ ቢቀይር እንኳ ቁጥሩን እንዲህ በቀላሉ አይቀይርም። በዚያው ቁጥር ላይ የላከ ሌላ ሰው ካለም ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን ሄጄ ከሚሳቅብኝ ሰብሰብ ብለን ብንሄድ ይሻላል።